ከበሮው ጾም እስኪፈታ

ጎረቤታችን አየርላንዳዊት ነኝ ሲሉኝ ያመንኳቸው ለደንቡ ያህል ነው። በዓይኔ የማየው ሌላ ነበር። ሰፊ ባርኔጣ፣ ተረከዙ የሚንኳኳ ቡትስ፣ በራቸው ላይ የቴክሳስ ባንዲራ፣ ጓሯቸው ውስጥ ደግሞ ሥጋ የሚያጨሱበት ጥቁር በርሜል። ሲናገሩ ቃሉን እንደ ማስቲካ ይጎትቱታል። አየርላንድን መቼ አዩአት ብዬ ብጠይቃቸው ረግጠዋት አያውቁም። እናታቸውም አላየቻት፣ አያታቸውም አላየቻት። የመጣው የአያታቸው አባት ነው፤ የባቡር ሐዲድ ሊዘረጋ መጥቶ እዚሁ ቴክሳስ ቀረ። ታዲያ ምናቸው ነው አየርላንዱ? ካሮልተን በምትባለው የቴክሳስ ከተማ በኖርኩባቸው ዓመታት ይሄን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንዳነሣሁትና እንደጣልኩት። ዛሬም በእጄ ያለው መልስ ይሁን ሌላ ጥያቄ አላውቅም።

ቤቱን በገዛን በመጀመሪያው ዓመት፣ መጋቢት ውስጥ አንድ ቅዳሜ፣ ከጎረቤት ሙዚቃ ሰማን። ጋራዡ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ መኪናው ወጥቶ በቦታው ወንበር ተደርድሯል፤ ሰዉ ሁሉ አረንጓዴ ለብሷል። ልጄ ያኔ ገና ትንሽ ነበረች። ከትምህርት ቤት ሰምታ ኖሮ፣ የአየርላንዶች ቅዱስ በዓል ነው አለችን። ባለቤቴ ቅዱስ የሚል ቃል ሲሰማ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። ተነሥቶ ነጠላውን ለበሰ። የጻድቅ ንግሥ ደጄ ድረስ መጥቶ በቲሸርት አልቀርብም አለ። እኔም ከእሱ ላለማነስ ነጠላዬን አጣፋሁ። ነጭ በነጭ ሆነን ሣሩን አቋርጠን ሄድን። ባለቤቴ ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብሎ አማተበና ቅዳሴው ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ጠየቀ።

የቢራ ጣሳ ወደ አፉ እያስጠጋ የነበረው ሰው ሁሉ እጁ አየር ላይ ቀረ። ጎረቤታችን ግን አልሳቁብንም። ቅዳሴው ጠዋት እንዳለቀ፣ እሳቸውም አስቀድሰው እንደመጡ፣ አሁን ያለው ከዚያ በኋላ የሚደረገው እንደሆነ በደንብ አስረዱን። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ ዝክር ማለታቸው ነው፣ ብሎ ተረጎመልኝ። እንዲህ ያለ ዝክር አይቼ አላውቅም። ጭስ የጠገበ የቴክሳስ ሥጋ፣ ባቄላ፣ በቅቤ የተጨፈለቀ ድንች። እኛ ደግሞ ሁዳዴ ላይ ነን። የጻድቁን ዝክር አንቀምስም ማለት ነውር ነው፤ መቅመስ ደግሞ ጾም መግደፍ ነው። ሳህን ይዘን ቆመን ቀረን። እሳቸው ነገሩ ሲገባቸው፣ ሥጋውንስ እሺ፣ ቅቤው ምን አደረጋችሁ፣ አሉ። በዓመቱ ስንሄድ በዘይት የተሠራ ድንች በፎይል ሸፍነው ለብቻችን አስቀምጠው ጠበቁን። ከዚያ ወዲህ ቀርተው አያውቁም፤ እኛም አልቀረንም።

ሙዚቃውም ቢሆን ያዞር ነበር። ወንድማቸው ከፎርት ወርዝ ይመጡና ቫዮሊኑን አገጫቸው ሥር ወሽቀው ይጀምራሉ፤ ዋሽንት አለ፣ ጊታር አለ፣ እንደ ወንፊት ሰፋ ያለ ከበሮ አለ። ጭፈራቸው ደግሞ የባሰ ነው። እጃቸውን እንደ ወታደር ከጎናቸው ያጣብቁና እግር ብቻ ይርገፈገፋል። ትከሻ የሚባል ነገር የላቸውም። እኛ ትከሻ ነን፤ እግራችን የት እንዳለ የሚያስታውሰን ሰው ከረገጠን ብቻ ነው። ልጄ ሁለቱንም በአንድ ላይ ሞክራ፣ ከወገቧ በላይ አንድ አገር፣ ከወገቧ በታች ሌላ አገር ሆነች፤ ጋራዡ በሳቅ ተናወጠ። ሳቁ ሳያልቅ እዚያው ላይ ያው ቫዮሊን ስለ ፈረስና ስለ ከብት ነጂ ወደሚያወራ የቴክሳስ ዘፈን ይዞራል። ማንም ቅር አይለውም። ቅዱሱ ይሄን ይወዳሉ ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ ጎረቤታችን፣ እዚህ ከመጡ ወዲህ ለምደዋል፣ አሉኝ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ዘፈኑ አልነበረም። አንዳንድ ቀን ፍሪስኮ ወዳለው ሥራዬ ስነዳ ይመጣብኛል። የልጄ የልጅ ልጅ፣ እግዜር ቢያደርሳት፣ በዓመት አንድ ቀን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሪባን ጠምጥማ ሐበሻ ነኝ ትል ይሆናል። ምን ትበላ ይሆን? በርበሬ የተነሰነሰበት ሥጋ ወጥ ነው ብላ ታበላ ይሆናል። ስለ እኔስ ምን ትል ይሆን? ደም ልትቀዳ መጥታ እዚሁ ቀረች ትል ይሆናል፤ ክሊኒክ ውስጥ ለምርመራ ደም የምቀዳ ሰው ነኝና። ይሄን ሳስብ ደስ እንደሚለኝ ወይም ሆዴ እንደሚባባ መለየት አቅቶኛል። ጎረቤታችንን ባየሁ ቁጥር የወደፊት ዘሬን የማይ ይመስለኝና አፍጥጬ አያቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ ባርኔጣቸውን ያየሁ መስሏቸው አንድ ቀን አውልቀው ሰጡኝ።

ባለቤቴ በሳምንቱ ቀናት የኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳል፤ እሁድ እሁድ የቤተ ክርስቲያናችን ከበሮ መቺ ነው። ልጅ ሆኖ ድቁና ጀምሮ ነበር፤ ድቁናው ቀረ፣ ከበሮው አልቀረም። አንድ ጥቅምት ላይ የጽዋ ማኅበራችን ተራ እኛ ቤት ደረሰና፣ ሳሎኑ ስለጠበበን ጋራዡን ከፍተን ተቀመጥን። ጸሎቱ ደርሶ፣ ጠበሉ ተቀምሶ፣ ዝማሬው ሞቅ ሲል ጎረቤታችን ሣሩን አቋርጠው ሲመጡ አየናቸው። ማኅበርተኛው ሁሉ ስሞታ ሊያሰሙ ነው ብሎ ጸጥ አለ። አንዷማ ፖሊስ ሳይጠራብን እንዝጋው እያለች ወደ በሩ መዝጊያ ተነሣች። እሳቸው ግን ባዶ ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ ለምን አቆማችሁ፣ አሉ። ባለቤቴ ቀጠለ። እሳቸው በቡትሳቸው ተረከዝ ሲሚንቶውን እየመቱ እስከ መጨረሻው አብረውን ቆዩ።

ሊሄዱ ሲሉ ባለቤቴን ጠሩት። የእነሱ ከበሮ መቺ ልጆቹ ዘንድ ሌላ ስቴት ገብቷል፤ እሱ ከሄደ ወዲህ ዘፈናቸው እግር እንደሌለው ሆኗል። መጋቢት ላይ ይሄን ከበሮ ይዘህ ትመጣልኛለህ ወይ፣ አሉት። ባለቤቴ፣ እሺ፣ አለ። ምን ይበል? ትልቅ ሰው ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ ማኅበርተኛ እያየው ሲለምነው፣ ካላንደሬን ልይ የሚል ሐበሻ አላውቅም። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ያስተሳሰባል እንጂ ቀን አያስቆጥርም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኔም ሠርግ ቤት እንዳለ ሰው ፈገግ ብዬ አጨበጨብኩ።

ከገና በኋላ አንድ ጠዋት የቆሻሻ በርሜሉን ወደ መንገድ ስገፋ ጎረቤታችንም የራሳቸውን እየገፉ ነበር። ካንሰር እንደተገኘባቸው፣ እንደተሠራጨም፣ የነገ የአየር ጠባይ በሚነገርበት ድምፅ ነገሩኝ። እኔ የሰው ክንድ ሳይ የምውል ሰው ነኝ፤ እጃቸውን ሳይ ከነገሩኝ የበለጠ ነገረኝ። እግዚአብሔር ይማርዎ፣ አልኩ በአማርኛ። ምን ማለት ነው ብለው አልጠየቁኝም። በርሜሉን አስተካክለው አቆሙና፣ ያን ከበሮ በጋራዤ ልስማው እንጂ ሌላው ይደርሳል፣ ብለው ገቡ።

ይሄን ለባለቤቴ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። ኩሽና የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ገለጠ፣ መልሶ ገለጠ። የእሳቸው ቅዱስ በዓል ሁልጊዜ ሁዳዴ ውስጥ ነው የሚውለው። ስንት ዓመት በዘይት የተሠራ ድንች በልተን፣ እሺ ሲል ለሁለታችንም አልታየንም። በሁዳዴ ደግሞ ከበሮ አይመታም። ጸናጽልም አይነካም። ከበሮው ተሸፍኖ ጥግ ይቀመጣል፤ ሊቃውንቱም በመቋሚያ ብቻ ነው የሚዘምሙት። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእሱ ነው ብዬ ልቀልድ አሰብኩና ፊቱን አይቼ ተውኩት።

ከዚያ ቤታችን ውስጥ ሰላም ጠፋ። እኔ፣ ምታላቸው፣ አልኩ። ጋራዥ ነው እንጂ ቤተ መቅደስ አይደለም፤ ከበሮውም የቤተ ክርስቲያን ሳይሆን የራስህ ነው፤ ሴትየዋ ለከርሞ አይኖሩም፣ አልኩ። እሱ፣ “እጄስ የማን ነው?” አለኝ። ተናደድኩ። የንስሐ አባታችን ዘንድ ደወለ። አባታችንም፣ ከበሮውም ይጾማል፣ አሉት። እፎይ ሊል ሲል ደግሞ፣ ልጄ፣ የሰጠኸውንም ቃል አትብላ፣ አሉና ሌላ ስልክ መጣባቸው። ባለቤቴ ስልኩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ሁለቱም ትክክል ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ እንዴት እንደሚሆኑ ግን የሚነግረው አላገኘም።

እምቢ ማለት የሚችል ሰው ከቤታችን ተፈለገ። ባለቤቴ እኔን ላከኝ፤ ሄጄ ስለ ጤናቸው ጠይቄ፣ ምስር ወጥ ሰጥቼ፣ ዋናውን ሳልናገር ተመለስኩ። እኔ ደግሞ ልጄን ልኬ ላስነግር አሰብኩ። ልጄ አሁን ሃይስኩል ናት፤ እንግሊዝኛው የእሷ ነው። እምቢ አለች። “ማሚ፣ ዳዲን ፑሽ አታድርጊው፣ ኦኬ? እሱ ራሱ ይሂድና ጀስት ትሩዙን ይንገራት” አለች። አንቱን የት አባቷ ታውቀዋለች። ነገሩ ግን እውነት ነበር፤ እኛ ቤት ውስጥ እውነት የሚነገረው አማርኛው ሲሰባበር ነው።

ባለቤቴ ጠዋት ታጥቦ፣ ለሽምግልና እንደሚላክ ሰው ኮት ለብሶ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ኩሽናቸው ውስጥ ተቀምጠን፣ ባለው እንግሊዝኛ ሁሉን ነገራቸው፤ ጾሙን፣ የከበሮውን መሸፈን፣ እሺ ሲል ቀኑን አለማሰቡን፣ ማፈሩን። አንገቱን ሰብሮ ሲናገር አሳዘነኝ። እሳቸው አላቋረጡትም። ሲጨርስ፣ “ከበሮው ጾም የሚፈታው መቼ ነው?” አሉት። በፋሲካ፣ አላቸው፤ የእኛ ፋሲካ ከእነሱ ዘግይቶ እንደሚውል ጨምሮ ነገራቸው። ተነሥተው ፍሪጁ ላይ የተለጠፈውን ካላንደር ለረጅም ጊዜ አዩት። በጣታቸው መጋቢትን አለፉ፣ ቀጠሉ፣ አንድ ቦታ ላይ አቆሙ። ከዚያ፣ “ከፋሲካችሁ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ እናደርገዋለን” አሉ።

ስንወጣ ባለቤቴ ማመን አቃተው። የቅዱስ ቀን እንዴት ይዛወራል? ጻድቁ ያረፉበት ቀን ነው፤ ፓርክ እንዳደረጉት መኪና ከዚህ አንሥተው እዚያ ያቆሙታል? እሳቸውን ጠይቀን ነበር፤ ለዝናብም ተዛውሮ ያውቃል፣ ለፉትቦል ጨዋታም ተዛውሮ ያውቃል፣ ቴክሳስ ነው፣ ነበር ያሉን። እኔ፣ የኛስ ታቦት ሰው ሥራ አይቀርም ተብሎ ከማክሰኞ ወደ እሁድ ሲዛወር ከበሮ ይዘህ ከፊት የምትቆመው አንተ አይደለህም ወይ፣ አልኩት። ቆም ብሎ አሰበና በሳምንታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሁለቱም ቃል ተጠበቀ፤ ከበሮውም ጾመ፣ ቃሉም አልተበላ። ነገሩ ያለቀ መስሎን ወደ ቤት ገባን።

አላለቀም። ሁዳዴ ገባ፤ እሳቸውም በየሳምንቱ እየመነመኑ ሄዱ። ወንድማቸው ከፎርት ወርዝ ጠቅልለው መጥተው አብረዋቸው ተቀመጡ። የበዓሉ ትክክለኛ ቀን ሲደርስ ጋራዡ እንደተዘጋ ዋለ። የፖስታ ሳጥኑ ላይ አረንጓዴ ሪባን አስረውበታል፤ ሌላ ምንም የለም። በመስኮት አይቼው አፈርኩ። የእኛ ከበሮ ይጹም ተብሎ የእሳቸው በዓል ጾመ ማለት ነው። አላስቻለኝምና ሄጄ ወንድማቸውን በር ላይ ያዝኳቸው። ያለ ከበሮም ቢሆን አሁን ይደረግ፣ እኔ ሐኪም ባልሆንም የማየውን አያለሁ፣ አልኳቸው። እሳቸው ባርኔጣቸውን እያዞሩ፣ እኔም ብያት ነበር፣ አሉ። ገብቼ ራሳቸውን ጎረቤታችንን ለመንኳቸው። ሶፋው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ነበር። እጄን ያዙና፣ ቀኑ ተይዟል፣ አሉኝ። ፈገግታቸው አናደደኝ። አልደርስም ብለው የማያስቡ ሰው ፈገግታ መሰለኝ፤ እኔ ደግሞ እንደማይደርሱ አውቃለሁ። ይሄን ለሰው እንዴት ይነግሩታል?

ባለቤቴ በስግደቱ ላይ ስግደት ጨመረ። እስከዚያች ቅዳሜ ዕድሜ ጨምርላቸው እያለ ሲወድቅና ሲነሣ ጉልበቱ አበጠ። ለራሱ እናት እንዲህ አልሰገደም ብል ውሸት ይሆናል፤ ግን ተቃርቦ ነበር። እኔም ጸለይኩ፤ ጸሎቴ ግን ጠብ ይመስል ነበር። ጌታዬ፣ ሴትየዋ ቀን ያዘዋወሩት ላንተ ከበሮ ሲሉ ነው፣ አልኩት። ስሌት ያለው ጸሎት ጥሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም አልኩት።

በሰሙነ ሕማማት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ወንድማቸው ራሳቸው ሣሩን አቋርጠው መጡ። በሩን ስከፍት ባርኔጣቸው በእጃቸው ነበር። እህቴ ሌሊቱን አረፈች፣ አሉኝ፤ ቆመው፣ ደጃፍ ላይ፣ ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ። መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ተዘጋጅቶ፣ ተደግፎ ነው የሚነገረው። እኔ የምደግፈው እሳቸውን ይሁን እሳቸው እኔን ሳላውቅ የበሩን እጀታ ያዝኩ። ባለቤቴ ከውስጥ ሰምቶ መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። ሳምንቱ ደግሞ ሕማማት ነው፤ ፍትሐት እንኳ የማይደረግበት። ለእሳቸው ፍትሐት ይደረግ የሚል ባይኖርም እሱ ይሄንኑ ያስብ ነበር።

ጥቁር ለብሰን ለቅሶ ልንደርስ ሄድን። ሳሎናቸው ገብተን፣ ወንድማቸውን አቅፈን፣ ግድግዳ ተደግፈን ዝም ብለን ተቀመጥን። እኛ ዘንድ ለቅሶ እንዲህ ነው፤ ዋናው መቀመጡ ነው። ትንሽ ቆይተው ወንድማቸው ምን ልርዳችሁ አሉን። ምንም፣ አልን። ኩኪስ አመጡ፤ ጾም ነው አልን። ውሃ አመጡ። እንደገና ተቀመጥን። እሳቸው ምን እንደምንጠብቅ አልገባቸውም፤ እኛም ለምን እንደሚቁነጠነጡ አልገባንም። ሦስታችንም አንድ ሰው ሞቶብን ሦስት ቦታ ነበርን። በመጨረሻ ሊሸኙን ሲነሡ፣ ቀብሩ ዘመዶቻቸው በተቀበሩበት ሩቅ ከተማ ለቤተሰብ ብቻ እንደሆነ ነገሩን። “ቅዳሜው ግን እንዳለ ነው” አሉ። የቱ ቅዳሜ? የፋሲካችሁ ቅዳሜ፣ አሉ፤ ሰው ሁሉ ተጠርቷል። ባለቤቴ እኔን አየኝ። እኔ መሬቱን አየሁ።

ፋሲካ መጣ፤ ከበሮው ተገለጠ። በቤተ ክርስቲያን ባለቤቴ ሲመታ እጁ ልክ እንደ ወትሮው ነበር፤ ፊቱ ግን የትንሣኤ ፊት አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ ልሂድ አልሂድ ሲል ሰነበተ። የሰው ደረት የሚመታበት ቀን ከበሮ ይዘህ ና የሚል አገር የት አለ? ቢቀር ደግሞ ቃሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከበሮውን በጫንቃው አንግቶ ወጣ። እኔ ጥቁር ለብሻለሁ። ልጄ አረንጓዴ ለብሳለች። ሦስታችን ስንሄድ ላየን ሰው ወዴት እንደምንሄድ ለመገመት ይቸግረው ነበር።

ጋራዡ እንደ ጥንቱ ተከፍቷል። ጥቁሩ በርሜል ይጨሳል። ሰዉ ይስቃል፤ አንዱ፣ ጎረቤታችን ወጣት ሳሉ ያደረጉትን ሲያወራ ሌላው ቢራው ትን እስኪለው ይስቃል። ነገሩ ሁሉ አህያ ወደ ቤት ውሻ ወደ ግጦሽ ሆነብኝ። ደሜ ፈላ። ወንድማቸውን ለብቻ ጠርቼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ምንድን ነው፣ ሞተው ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዘፈን ምንድን ነው፣ አልኳቸው። እሳቸው አልተቆጡም። እነሱ ዘንድ የድሮው ወግ ሟችን በጨዋታና በሙዚቃ መሸኘት እንደሆነ ነገሩኝ። እሺ፣ ወግ ከሆነ ወግ ነው። ግን እህትዎ ይሄን በዓል በቁማቸው ሊሰሙት ነበር የፈለጉት፣ እኛ ነን የከለከልናቸው፣ አልኳቸው። ሁዳዴውን ሁሉ ሆዴ ውስጥ የያዝኩት ይሄን ነበር።

ወንድማቸው ትክ ብለው አዩኝ። “ባልሽ ስለ ጾሙ ሊነግራት በመጣበት ሳምንት ሐኪሞቹ ነግረዋት ነበር” አሉኝ። “እስከ መጋቢት አጋማሽ ልትደርስ ትችላለች፣ ከዚያ አታልፍም ብለዋታል። ቀኑን ስትመርጥ እንደማትኖር አውቃ ነው።”

ካላንደሩ ላይ ያቺ ጣት ለምን ያን ያህል እንደቆየች ያኔ ገባኝ። ታዲያ ለምን፣ አልኩ።

“ለሞቷ ከበሮ ያለበት መሸኛ ፈለገች። ‘እኔ ለራሴ ሽኝት ከበሮ ምቱልኝ ብዬ ሰው አላስጨንቅም፣ ያ ሰውዬ ግን ቃል ሰጥቷል፣ እሱ ከሰጠ አይቀርም’ አለች።”

ምን እንደተሰማኝ ልናገር ብል አንድ ነገር አይደለም። ተናደድኩ፤ መጀመሪያ የተሰማኝ እሱ ነው። ሴትየዋ እያሳሳቁ ወስደውናል። ባለቤቴ እንዲኖሩ ሲሰግድ ጉልበቱን ያጣው፣ እኔ ከፈጣሪ ጋር የተጣላሁት፣ እሳቸው ሞታቸውን ቆጥረው ከኋላው ላስቀመጡት ቀን ነው። ልነግራቸው ፈለግሁ፤ የምነግራቸው ግን የሉም። ወዲያው ደግሞ አዘንኩ፣ ከሐዘኑ ሥር ደግሞ አንድ ኩራት የመሰለ ነገር ነበር፤ ከዚህ ሁሉ አረንጓዴ ለባሽ መሃል የተማመኑት የእኛን ቤት ቃል ነው። ተንኮል ነው? ስጦታ ነው? እስከ ዛሬ ድረስ አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል።

ባለቤቴ ዘንድ ሄጄ የሰማሁትን በጆሮው ነገርኩት። ከበሮውን አንገቱ ላይ አስተካከለ። ወንድማቸው ቫዮሊኑን አገጫቸው ሥር ከተው አንተ ጀምር ብለው በዓይናቸው ጠቀሱት። ሰዉ ዝም አለ። ባለቤቴ እጁን አነሣ፣ አወረደ፤ ደግሞ አነሣና መታ። ሁለት ሦስት ጊዜ እንደመታ አወቅሁት። የትንሣኤው ምት ነው፤ ሌሊት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን እየተባለ የተመታው። ቫዮሊኑ አንድ ጊዜ ሳተውና ያዘው፤ ዋሽንቱ ተከተለ፤ ልጄም ምን እንደሆነ ሳታውቀው ማጨብጨብ ጀመረች። ባለቤቴ ድንገት ቀጥ አለ። እጁ ከበሮው ላይ ተዘርግቶ ቀረ። የሰው ሞት ላይ ይሄን መምታቱ አስደንግጦት፣ ሌላ ሰው በማይሰማው አማርኛ፣ “ሌላ አልመጣልኝም” አለኝ።

ጎረቤታችን ይቀመጡበት የነበረው ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም። ሰዉ ሁሉ እኔን እያየ ነው፤ ከለቅሶዬ የተነሣ ነው ለካ። ድምፅ አውጥቼ፣ እንደ አገሬ ሰው፣ ደረቴን ይዤ እያለቀስኩ ነበር።

“እንግዲያው እሱኑ ምታላቸው” አልኩት።